ይፍታሽ

ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ከጋራዡ ቆርቆሮ ሥር፣
አንዲት ላዳ ገብታ ነበር፣
ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሆዷ ለሰው ታይቶ፣
ባለቤቷ እንዳላማው ደጅ ቆሞ፣ ሲጋራውን ለኩሶ ረስቶ።
«ዛሬ ማታ ትደርሳለች?» ይላል በየደቂቃው፤
ጋሽ ኑርጋ መልስ የለውም፤ የብሎኗን ዝገት በጥፍሩ ፋቀው።

ከጭስ ማውጫው ሥር ናት፤ እሳት ስትጠጣ ኖራለች፣
ሃያ ክረምት ከብረቱ ጋር ተጋብታ አርጅታለች።
አስራ ሦስት ቁጥር ትባል ነበር፣ ድሮ በወጣትነቷ፤
አሁን ዝገት በልቷት፣ አስራ ሁለት ተኩል ነው ስፋቷ።

እኔ ሥራ በጀመርኩ በዘጠነኛው ቀን፣
ጉልበቴን ላሳይ እንጂ መች አየሁ ብረቱን!
ያገኘሁትን አነሳሁ፣ መንጋጋው የላላ እንግሊዝ ቁልፍ፣
ቱቦ ሰካሁበት እንዲረዝም፣ በሙሉ ክብደቴ ልደገፍ።
አመለጠ። ጣቶቼ ከራዲያተሩ ጋር ተላተሙ፤
የብሎኗ ማዕዘን ክብ ሆነ፣ የእጄም ፈሰሰ ደሙ።

ጋሽ ኑርጋ አልተቆጣም። ጨርቅ ወረወረልኝ።
«ስምህ ማንያዘዋል፤ ቁልፍህ ግን አይይዝም» አለኝ።
እንዳላማው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬም አልሳቅሁም።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተ፣ ማጠፊያው የሚያለቅስ፣
በጨርቅ የተጠቀለሉ ብረቶች፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይደርስ።
«ባለ አስራ ሁለት ጎኗ ቡሶላ ለጨዋ ብሎን ናት፣ ለገራም፤
ለእልኸኛዋ ባለ ስድስቷ፤ ጉንጯን ታቅፋለች እንጂ ማዕዘኗን አትነክስም።
ልኳ ከጠፋ፣ በመዶሻ አስገባባት አስራ ሁለት ቁጥር፤
ጠባብ ጫማ ይነክሳል፣ ሰፊው ይጥላል፤ እኛ የምንፈልገው የሚነክስ ነገር።»

በሽቦ ብሩሽ ፋቃት። ነጭ ጋዝና የካምቢዮ ዘይት ደባልቆ፣
በመርፌ ጠብ፣ ጠብ አደረገላት፣ እንደ ዓይን መድኃኒት ተጠንቅቆ።
«አሁንስ ምን እናድርግ?»
«ወደ ቤትህ ሂድ። ዘይቱ ሌሊቱን ይሥራበት፤ እሱ እንቅልፍ የለበት።»
እንዳላማው ተራገመና በእግሩ ሄደ፣ በጎላ ሚካኤል ቁልቁለት።

በነጋታው ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣
ከሶማሌ ተራ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይመልሳል።
አናቷን በመዶሻ መታ መታ አደረጋት፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፤
ኦክስጅኑን ለኩሶ አሞቀ፣ እሷን አይደለም፣ የተተከለችበትን ግድግዳ።
ከዚያ ክሪኬቱን ወደ ማጥበቂያው መለሰ።
«ጋሽ ኑርጋ፣ ተሳስተሃል!» ምላሴ ከእጄ ቀድሞ ደረሰ።
«ለመፍታት መጀመሪያ አጥብቅ፤ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፤
ዝገት መምጫህን ያውቃል፤ ባላሰበው በኩል ስትመጣበት ይደነግጣል።»
የጥፍር ያህል ወደ ቀኝ። የጥፍር ያህል ወደ ግራ።
ጠብታ። ዳግመኛ። ከንፈሩ ግን ምን ያወራ?
ጠጋ ብዬ ሰማሁ፤ «ይፍታሽ፣ እግዜር ይፍታሽ» ይላል፣
እንደ ንስሐ አባት ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ በቅንድቡ ይወርዳል።

ሲ...ጥ አለች እንደ አሮጌ በር፣
ቡናማ ዱቄት አራገፈች፤ ወጣች፣ ሳትሰበር።

ያ ጋራዥ ዛሬ የለም። እኛን ሲያስነሱን፣
ሰባት ቀን ነው የሰጡን።
መጨረሻ የቀረው ሞርሳው ነበር፣ ከሲሚንቶው ጋር በአራት ብሎን የታሰረ፤
ጋሽ ኑርጋም አልነበረ፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል ከተቀበረ።
ልጁ መቁረጫ ይዞ መጣ፣ «በጥሰነው እንሂድ» አለ።
እኔ ነጭ ጋዝ ስፈልግ ቀኑ ዋለ።
በሞባይል መብራት ጠብ፣ ጠብ ሳደርግ ነጋልኝ፤
ከማጥበቂያው ጀመርኩ፣ እንዳስተማረኝ።
ሦስቱ ወጡ። አራተኛዋ ከአንገቷ ተሰበረች።
እሱ ቢሆን ትወጣ ነበር? እንጃ። እግሯ እዚያው ቀረች፣
አሁን መንገድ ነው፣ አስፋልቱ ሥር ተኝታለች።

በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤
«ምን ትላለህ?» ይለኛል አጠገቤ የተቀመጠው፣ አንዳንዱም ይስቃል።
ምንም፣ እላለሁ።
ይፍታሽ እያልኩ ነው።
አንዳንዴም፣ ይፍታህ።