ዝም ብሎ ያሳለፈ

ብርኖ፣ በጥር ማታ፣ ትራሙ ሲንቋቋ ከታች፣
ድራሆሚራ ከመሳቢያ ደብተር ጎትታ አወጣች።
ጠርዙ በሻይ የራሰ፣ ሰማንያ ገጽ ያህል፤
በእርሳስ ያለቀ ኮምፓይለር፣ ለዚያ ለጥንቱ ፓስካል።
«አንዴ ነው የሚያነበው፣ ከላይ ወደ ታች ወርዶ፤
ስሙን ቀድመህ ካልነገርከው፣ ይቆማል እንደ በቅሎ ተናዶ።»

ዓይኔን እያሻሸሁ ነው የመጣሁት ከቢሮ፤
የእኛው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ሲገነባ አድሮ።
ሚሊዮን መስመር ነው፤ ማንም ከዳር ዳር አላነበበው፤
አንዲት ቅንፍ የዘነጋ፣ ሦስት ገጽ ስድብ ነው የሚደርሰው።
ራዲም የሚወደው ረስትን ነው፤ ያን ኬላ ጠባቂ፣
«ይህ ዕቃ የማን ነው?» ባይ፣ ጓዝ በርባሪ፣ ጠያቂ።
ሊስፕ ግን በቅንፍ ታጥሮ፣ ዛፉን ተሸክሞ ይመጣል፤
ለተንታኙ ምን ቀረለት? ቁጭ ብሎ ይስቃል።

«ታዲያ ያንቺው ነው ቀላሉ» አልኳት። ሳቀች ድራሆሚራ፣
እርሳሷን ከጆሮዋ ኋላ ሰክታ፤ «ለእኔማ፣ ቀላል ሥራ።
የሰንጠረዡን ዳር ፍተሻ ዘለልኩት፣ ደብተሩ እንዳይሞላ፤
ያን የዘለልኩትን ቭላስታ፣ ከቦይለር ፋብሪካው ኋላ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ቆጠረችው፣ በጣቷ፣ በሌት መብራት።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ የሌላ ሰው ጽሕፈት አለበት፣
በቀይ፣ በችኮላ፦ «ስሳሳት አየኝ፤ ዝም ብሎ አሳለፈኝ።»

ያ የሦስት ገጽ ስድብ፣ እዚያው በቆምኩበት፣ ናፈቀኝ።