ሲባጎ

የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝ።
ጠጠሩ ላይ ፍሬን ሳላስበው ስረግጥ
ከኋላ የጫንነው የአጥር ቋሚ እንጨት
ተንደርድሮ መጥቶ ገባ በመስታወት።
አባቴ ኤቫሪስቶ
ከኮሌታው ላይ ሽርክቱን አራግፎ፣
ወደ ኋላ ሳይዞር፣ እኔንም ሳያየኝ፣
«ንጂ» አለኝ ብቻ፤ «ሳይጨልም እንድረስ።»

በፓታጎንያ ምድር ባለርስቱ ንፋስ፣ ጭሰኛው ሰው ነው።
ሦስት ወር ከግማሽ
አሮጌዋን ፒካፕ በላስቲክ ለጥፈን ነዳናት።
ላስቲኩ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ይሳደባል፤
«ጨው ገዛሽ?» ይለኛል አባቴ እየጮኸ።
«ምን?»
«ለበጎቹ! ጨው!»
እጄን አወናጭፌ መንገዱን አሳየዋለሁ።
ጨው በጩኸት ይጠየቃል፤
ይቅርታ ግን በጩኸት እንዴት ይባላል?

በድሮው መስታወት፣ በስተግራ፣ ከታች፣
የሩሶ አፍንጫ ማኅተም ነበረች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተሳፍሮ
ጓናኮ ባየ ቁጥር፣ በግ ባየ ቁጥር፣
እርጥብ አፍንጫውን ሲለጥፍ፣ ሲያላቅቅ፣
ደርቆ፣ ተደራርቦ፣
የማይገፈፍ ጉም ሆኖ ቀረ።
ሩሶ በሰኔ ሞተ፤ መሬቱ በረዶ ነበር፣
ጉድጓዱን በዶማ ሳይሆን በመሮ ነው የቆፈርነው።
በማግስቱ አባቴ መኪናዋን አጠበ፤
ጎማውን፣ በሩን፣ ታርጋውን ሳይቀር።
ያቺ ጥግ ላይ ሲደርስ
ጨርቁ ዞሯት አለፈ።
በኩሽና መስኮት አይቼዋለሁ።
እንግዲህ እኔ የሰበርኩት እሷን ነው።

የኋላ ኋላ ኮሞዶሮ ወርደን
ዶን ኦስማር የሚሉት የአሮጌ ብረት ነጋዴ
ከሞተ ፎርድ ላይ ነቅሎ ሸጠልን፤
ግማሹን በፔሶ፣ ግማሹን በሙክት።
በበግ አጎዛ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት፣
እግሬ እስኪደነዝዝ፣ ቤታችን እስክንደርስ።
ንጹሕ ነበር። ምንም አልነበረበትም።
የሰው መኪና መስታወት፣ የማንም ውሻ ያላሸተተው።

እሑድ ጠዋት ንፋሱ ትንሽ ሲያንቀላፋ
ጎማውን በመስታወቱ ዙሪያ አለበስነው።
በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ አዞረ፤
የእቃ ሳሙና ቀባው፣ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣
ሁለቱን የሲባጎ ጫፍ ወደ ውስጥ አቀበለኝ።
«እኔ ከውጭ ልግፋ፣ አንቺ ከውስጥ ሳቢ።
ቀስ። ጠቦት ስታዋልጂ እንደምትስቢው፤
በጓ ስታምጥ ነው እንጂ
ዝም ብለሽ አትጎትቺም።»

ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ ሳብኩ።
እሱ በመዳፉ መታ፤ እኔ ሳብኩ፤
የጎማው ከንፈር የብረቱን ጠርዝ
ስንዝር በስንዝር ጎረሰው።
ፊቱ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም፤
ቅንድቡ ሸብቷል፤ መቼ ነው የሸበተው?
ጉንጩ ላይ አረፋ አለ፣ አላወቀውም።
አንድ ጥግ ሲቀረን፣
ንፋሱ በዚያች ቀዳዳ እያፏጨ ሳለ፣
የመጨረሻውን ሳብኩት። ጧ አለ።

ዝም።
ዓለም በሙሉ ከውጭ ቀረ፤
ሣሩ ይተኛል፣ ድምፅ የለውም፤
የአባቴ ሸሚዝ ይርገበገባል፣ ድምፅ የለውም።
ያኔ አልኩት፣
በቀስታ፣ ሲባጎውን በጣቴ እንደጠመጠምኩ፣
ሦስት ወር ከግማሽ የያዝኩትን ቃል።
«ምን?» አሉ ከንፈሮቹ።
«ገባ ወይ?» ብዬ ጮህኩ።
አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ባልዲ ውኃ ደፋንበት።
ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ጠብታ
ሾልካ ገብታ ወንበሩ ላይ ወረደች።
አፍጥጦ አያት።
«ትሁን» አለ፤ «የቀረውን አቧራ ይደፍነዋል።»

ወደ ከተማ ስንሄድ እሱ ነዳ።
የሰዓቱ ቆጣሪ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፣
ከወንበር ሥር የቀረ ሽርክት
ታጥፈን በወጣን ቁጥር ሲንከባለል ይሰማል።
ድልድዩን እንዳለፍን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣
«ጨው እኮ አልገዛሽም» አለኝ፣ በዝግታ።
«ረሳሁ» አልኩት።
«አውቃለሁ» አለኝ።