አራተኛ ጣት

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሁለት ወሬ ይገባል አዳማ፦
አንዱ ከባሕር ማዶ ነው፣ በሬዲዮ የሚሰማ፤
ሌላው ከወንጂ ቦይ ተነሥቶ፣ ከሸንኮራው ሥር፣
በቢምቢ ክንፍ ተጭኖ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚበር።

"የሽልማቱ ሳምንትና የንዳዱ ሳምንት መንትያ ናቸው" ይላል
ጋሽ ደበሌ ኢርኮ፤ ስላይዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል።
ጣቱ ሐምራዊ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂምሳ የጠጣ፤
ቀለበቱ ሳይቀር ሐምራዊ፣ በሳሙና ታሽቶ ያልወጣ።
መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት ያዞራል፣
በታችኛዋ መስታወት ፀሐይ አጥምዶ ይቆጥራል፤
በግራ እጁ ጠጠር ይዟል፣ መቁጠሪያው ከተሰበረ ወዲህ፦
"አንድ ተውሳክ፣ አንድ ጠጠር። ሂሳቡ ይኸው ነው እንግዲህ።"

ተለማማጅ ሆኜ ስገባ፣ በርጩማ ስቤ ከጎኑ፣
ታሪኩን ነገረኝ፤ ከሌንሱ ሳይነቀል ዓይኑ።

"በሺ ስምንት መቶ ዘጠና አምስት ነው፣ በእኛው ቆጠራ፣
ቢምቢ ወባን እንደምታሻግር የደረሰበት ሐኪም ተጠራ።
ተውሳኳን በደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው ግን ጠበቀ፤
አምስት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ስሙ የደመቀ።
ገንዘቡስ ብትዪኝ? ድማሚት ነው፣ ዓለት የሚፈረካክሰው፤
ይህን የአሰላ መንገድ እንኳ የእሱ ዘመድ ነው የጠረበው።

ለዲዲቲም ሰጡ፣ በአርባ አንድ። አባቴ ያንን ነው የተሸከመው፤
ፓምፕ አዝሎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ በየጎጆው ሲረጭ የኖረው።
ረጭቶ ሲወጣ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል፤
ሰፈሩ ሁሉ 'የቢምቢ ቄስ' ይለዋል።
ኋላ ስንቱ አገር መርዙን ከለከለ!
ሽልማቱን ግን የመለሰ የለም፤
አባቴም ፓምፑን አልመለሰም።
ጓሮ አለ። ዶሮ ታቅፍበታለች።"

በሁለት ሺ ስምንት ደግሞ፣ አብረን ቆመን።
ሬዲዮኑ ይንሾካሾካል፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንጓጓል፤
ከአሪቲ ዘመድ ቅጠል የተገኘ የወባ መድኃኒት ተሸልሟል።
ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን ኳርተም አወረደ፤
በሐምራዊ ጣቱ መታ መታ አድርጎት፣
"ሽልማቱ እኮ ሰፈራችንን ለመደ!"

ከዚያ ዝም አለ።
ቆይቶ፣ "ሕግ አለው፣ ታውቂያለሽ? ለሞተ ሰው አይሰጥም።
ከሦስት በላይም ሆነው አይካፈሉትም።
አራተኛ ሰው ካለ፣ ደጅ ይቀራል።"
ጠጠሮቹን ከመዳፍ ወደ መዳፍ አገላበጠ፣
"የማን ደም ነበር ግን፣ ያ ሁሉ በመስታወት የታየው?
ጣቱን ዘርግቶ የሰጠው፣
ማነው?"

ጡረታ የወጣ ዕለት ፔርሙዝ ሰጡት፣ ሰርተፊኬትም፤
"ደበላ" ብለው ጽፈውታል። አየው፤ አላረመም።
ፔርሙዙን ለዘበኛው ለቱሪ ትቶ፣ ጋሪ ተሳፍሮ ሄደ።
ለእኔ ጠጠሮቹን ተወልኝ፣ በፔኒሲሊን ብልቃጥ
(እሱም ተሸልሟል፣ ብልቃጡ ሳይሆን መድኃኒቱ)።

ዛሬ መስከረም ሃያ አምስት ነው።
ሬዲዮኑ ሦስት ስም ጠራ።
ስለ ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ኮሪደሩ በሕፃን ለቅሶ ተሞልቷል፣
አግዳሚው ላይ እናቶች ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ።
ከቦኩ የመጣች ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤
"ያማል?"
"ትንሽ።"
ዓይኗን ጨፈነች።
ግራ እጇን ይዤ ከአውራ ጣቷ ጀምሬ ቆጠርኩ፦
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት፤
አራተኛዋን ወጋሁ።

ደሟ ትንሽ ናት፣ የበርበሬ ፍሬ ታክላለች።
ስላይዱ ጫፍ ላይ ስሟን በእርሳስ ስጽፍ
አንገቷን አስግጋ አየችና፣
ትኩሳቱ ሳይለቃት፣ አረመችኝ፦
"ኩለኒ።
'ለ' ናት እንጂ፣ 'ላ' አይደለችም።"