ዐሥራ ሁለት ፒያኖ

ሊቤሬትስ በረዶ ለብሳለች፤ ፋብሪካው መሽቶበታል፣
የቦሁሚል ክፍል ብቻ መብራቱ ቦግ ብሎበታል።
ጥዱን ስንከፋፈል ምርጡ የሱ ድርሻ፣
ጎበዝ ልጅ ቢቀጠር እሱ ደጅ መዳረሻ።
ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ እያወቅሁ ፈረምኩለት፣
እሱ የላገው የድምፅ ገበታ ነፍስ ይዘራል፣ በእውነት።

ዛሬ ወደ መጋዘን ይዤው ወረድኩ፣ ሳልቆጣ፣
«እስቲ» አልኩት «ካንዱ ቁጭ በልና ዜማ አውጣ።»
ዐሥራ ሁለት ፒያኖ፤ የሁሉም ሆድ የሱ ጥበብ ነው፣
ድዳቸው ግን ባዶ፤ የቭላስታን ቁልፍ ሠሪዎች የወሰደ ማነው?

ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ አንጓ ገበታውን ቆረቆረ፣
መጋዘኑ እስከ ጣራው አብሮት አንጎራጎረ።
እስክሪብቶዬን ኪሴ ውስጥ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት፣
ዳግም እንዳልፈርምለት።