ቀዳማዊ

ሽንብጥ ቀበሌ ነኝ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
የልደት ቅጽ ይዤ፤ ሦስት ጠባብ ጓዳ፦
ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል።
ለሰው ይበቃዋል።
ለንጉሥ ያንሰዋል።

ንጉሥ ሦስት ስም አለው፤ ያሉን መሪጌታ
ልሳነወርቅ ናቸው፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ በአንድ የጾም ማታ፣
ደሴት ያደርን ጊዜ፣ ማዕበል አግዶን፣
አባቴ ታንኳውን ከዋርካ ሥር አስሮ፣ እኛን ጥግ አስይዞን፦

«አንደኛው የጥምቀት፤ እሱን ቄስ ያውቀዋል፣
በፍትሐት ሰዓት ብቻ ይጠራዋል።
ሁለተኛው የዙፋን፤ ነጋሪት ይመታል፣
አዋጅ ነጋሪ ጮሆ ለአገር ያሰማል፣
በብር ላይ ይቀረጻል።
ሦስተኛው ከፈረስ ነው፤ ‹አባ እንቶኔ› ይላል፤
ጌታ በፈረሱ ስም ሲጠራ ይኮራል።»

«እናቱ ያወጣችለትስ?» አለ ወንድሜ አትንኩት።
መሪጌታ ሳቁ።
«እሱንማ፣ ልጄ፣ ዙፋን ሲወጡ ነው ደጅ የሚጥሉት።»

አትንኩት። እናቴ ስታወጣው ፈርታ፣
ከሱ በፊት ሁለት ለወባ ሰጥታ፣
ለሞት የጻፈችው ማስጠንቀቂያ ነበር፤
ግቢ በር ላይ «ከውሻ ይጠንቀቁ» እንደሚል፣ የዚያ ዓይነት ነገር።

ከደሴት ስንመለስ መንግሥት መሠረትን፤
ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ዙፋን ሆነልን።
ዘውዱ ደንገል ነበር፣ እርጥብ፣ ሽታው ያሣ፤
ገዳም ያልገባችው እህቴ አንችናሉ
ቀባችው፣ ጳጳስ ሆና፣ ነጠላ ለብሳ።
ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉም፦
የሚነግሥ ሁሉ፣ የእናቱን ስም ለጠጠር አውሶ፣
ጣና ይጥለዋል፤ ዱብ ካለ በኋላ አይነሣም ተመልሶ።

ወንድሜ ወረወረ። አትንኩት ሰጠመ።
ዐፄ ደንገል ተባለ፣ ድንጋዩ ላይ ቆመ።
ፈረስ ስላልነበር፣ ታንኳ ነበር ፈረሱ፤
«አባ ማዕበል!» ብለን ፎከርን ለንጉሡ።

የነገሠው ሦስት ቀን፤ እሱም ከትምህርት መልስ።
በአራተኛው፣ ታንኳው ብቻውን ታየ፣ ጨረጨራ ሲደርስ።

እናቴ አታውቅም።
ያ ስም ነበር አጥሩ፤ እኔ ነኝ ያስጣልኩት።
ውኃው ሲመጣ ማን ይበለው «አትንኩት»?

*

አሁን አንችናሉ ወንድ ልጅ ወለደች።
ጎረቤት ተሰብስቦ ስም ያዋጣል፤ እናቴ ዝም አለች።
«ምትኩ በሉት» አሉ። «ካሳ»ም ያለ አለ።
አንዷ «ማስረሻ» ስትል የእናቴ ፊት ከሰለ።

የተራ ሰው ስም እንዲህ ነው፤ ይተካል፣ ይክሳል፣ ያስረሳል።
ንጉሥ ግን አይተካም፤ ይቆጠራል፤
ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ ይባላል።
ያን ሌሊት ገባኝ፦
በገዛ ዘመኑ ቀዳማዊ የሆነ የለም፤
አንድ ሆኖ ይኖራል፣ አንድ ሆኖ ይሞታል፤ አያውቅም።
ሁለተኛው ሲመጣ ነው፣ ከመቃብር ሥር፣
አንደኛ ተብሎ የሚቆጠር።
(ተቻኩሎ በቁሙ «ቀዳማዊ ነኝ» ያለም አለ ይባላል፤
ዳግማዊው ቀርቶበታል።)

ጸሐፊዋ ቀና አለች፦ «የልጁ ስም ማነው?»
«ዳግማዊ።»
«ጥሩ ስም ነው» አለች፤ «የኔም የእህቴ ልጅ እንዲሁ ነው።»
ስም መሰላት። ቁጥር ነው።

ዳግማዊ ባይለየኝ ጀምበሬ። ማኅተም ተመታ።
ወረቀቱን ወስጄ ለእናቴ አነበብኩላት፣ ማታ።
ጣቷን እያጠፈች እስከ መጨረሻ ሰማች፤
ከዚያ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋን ስሙን ጠራች፦
«እንግዲያ የኔው
ቀዳማዊ አትንኩት ነዋ።»

የጠጠሩን ነገር ያን ጊዜም አልነገርኳት።

የፈረስ ስም ቀረ።
የልጁ አባት ባይለየኝ ሰማያዊ ባጃጅ አለችው፤
«ከኋላዋ ባዶ ናት፣ ምን ላስጽፍ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት።
ዛሬ በዘንባባው መንገድ፣ ወደ ዓሣ ገበያው ስትከንፍ አየኋት፤
በነጭ ቀለም «አባ ማዕበል» ይላል፣ ፊደሉ ትንሽ ዘሟል፤
ከውስጥ፣ አርባ ቀን ያልሞላው ንጉሥ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል።