አረንጓዴው እርሳስ

ጠረጴዛው ጠባብ፣ ካርታው ተርፎት ወጥቶ፣
ግልገል ዓባይ ወርዷል ጉልበቴ ላይ ተኝቶ፤
ጣናን በክርኔ ደግፌ ይዣለሁ፣
ከጠዋት ጀምሬ ስቀባ ውያለሁ።

«በሕግ የተከለለው አረንጓዴ ይሁን፣
ያልተከለለው ነጭ፤ እንዳትቀላቅዪው አሁን»
አሉኝ አለቃዬ። ከሩቅ ደብዳቤ መጥቶ፣
«የእናንተስ ስንት ነው?» ይላል፣ መዝገብ ከፍቶ፤
የምድር ወንዝ ሁሉ፣ ከነተፋሰሱ፣
ስንቱን ሕግ አጠረው? ስንቱ ነው ለራሱ?

ዘጌን ከነደኑ፣ ደቅን ከነደብሩ፣
ደንገሉን በስሱ፣ ከዳር እስከ ድንበሩ
ቀባሁ፤
እርሳሱን ቀረጽሁ፣ ደግሞ ቀባሁ።

ከሰዓት፣ በሩ ተገፋና
አያ ይማም ገቡ፣ ታንኳ የሚሠሩቱ፤
በእጃቸው ደረሰኝ፣ የደንገል ቅጣቱ።
ከካርታው ፊት ቆመው፣ አንገት አስግገው፣
«የእኔ ቤት ወዴት ነው?»
ፈለግሁት። አገኘሁት። መስመሩ ላይ ነው፤
ግማሹ ነጩ ላይ፣ ግማሹ አረንጓዴው።
«እንግዲያ መደቡ በየት በኩል ሆነ?
ሌሊት ስገላበጥ ሕግ እንዳልጥስ ብዬ።»
ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አውራ ጣታቸውን ወንዙ ላይ አሳርፈው፣
«ይህስ ከየት መጣ?»
«ከሰከላ፣ አያ።»
«ከዚያ እስከዚህ ድረስ ግራ ቀኙ ነጭ ነው?»
«ነጭ ነው።»
«ታዲያ ይህ ደለሉ፣
የማንንም ማሳ አፈር ተሸክሞ ሌት ተቀን ሲጋልብ፣
ቀለምሽ ጋ ሲደርስ
ጫማውን ያወልቃል?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳሱን ቀረጽሁት፤
ሹል ነበር ለነገሩ።
እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ፤
ከዘንባባው ማዶ፣ እምቦጩ ሐይቁ ላይ
አልጋ ልብስ ዘርግቶ፣
ልክ እንደ እርሳሴ፣ ከእርሳሴም አብልጦ
አረንጓዴ ሆኗል፣ ነጭ ቦታ ሳይተው።

«ያንንስ ማን ቀባው?»

አሉና ወረዱ፣ ታች ገንዘብ ቤቱ ጋ፣
ቅጣቱን ሊከፍሉ።

ሰንጠረዡን ሞላሁ። ደህና ቁጥር ወጣው፤
አለቃዬ ወደዱት፣ ሁለቴ አነበቡት።
ካርታው ላይ ግን፣ ወንዙ ሐይቅ ከሚገባበት፣
የአውራ ጣት አሻራ፣
ቡናማ፣ የጭቃ።
በላጲስ አሸሁት፤ ሰፋ እንጂ አልጠፋ።
ማብራሪያው ላይ ደግሞ ያ ቀለም የለም።

እንዲያው ጠቀለልሁት፤
በነገው ፖስታ ይሄዳል።