ቀለበቷ ላላች

ከጥቁር አንበሳ ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ አልዘጋ ያለ፣ ለአቧራ ሲሳይ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ እዚያ እውላለሁ፣
ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ሥር እሰቅላለሁ።

«ሥር ማሿ» ይለኛል ታናሼ ሲቀልድ፤
የኔ ሥር ደም ሥር ነው፣ ደም የሚሄድበት መንገድ፤
ከነጭ አይጥ ልብ ደጃፍ ቆርጬ ያወጣኋት፣
ምስር የምታክል፣
በሁለት መንጠቆ ወጥሬ ያሰርኋት
ቀለበት።

የድንጋጤ ቅመም አንዲት ጠብታ ሰጠኋት፤
ጭምድድ አለች ወዲያው፣
እንደ ተከራይ እጅ፣ አከራይ ደጅ ቆሞ
«ከመጪው ወር ጀምሮ…» ብሎ ሲጀምር ደግሞ።

ቀጥሎ ጦስኙን፤
በአልኮል ዘፍዝፌ ሦስት ሌሊት ያጠለልኩትን፣
ስሙ ገና ያልታወቀ፣ «ሰባት» ብቻ ያልኩትን
ቡናማ ፈሳሽ፣ ጠብ።
ምንም።
ጠብ።
ከዚያ ብዕሩ ቁልቁል፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ፣
እንደ ቸርችል ጎዳና፣
ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሀር ድረስ።

«ተፈታች!» ብዬ ጮህኩ።
ዶክተር ሸዋረገድ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
«ቀለበት ሰው አይደለም፤ ድገሚው ሲነጋ።»

ደገምኩት። ስምንቴ።
በስምንተኛው ማታ ወረድኩ ወደ ፖስታ ቤት፣
እትዬ ባፈና ጦስኝ ወደምትሸጥበት።
እስሩ በሃያ ብር። «ለደም ብዛት» ትላለች፤
አንድ ዓይኗን ገዢ ላይ፣
አንዱን ደንብ አስከባሪ በሚመጣበት ማዕዘን ጥላለች።

«ምን አለ ያ ማሽንሽ?»
«ፈታት፣ ያንቺው ጦስኝ።»
«ለዚህ ነው የደከምሽው? ምነው በጠየቅሽኝ!»

ሳቋ ሳይጨረስ ፊሽካ ተነፋና
ከረጢቷን ጠቅልላ በረረች ባፈና።
ስትመለስ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣
መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ክንዷ ላይ አሰርሁ፤
መቶ ዘጠና በመቶ አስር። ደግሜ ለካሁ።
ያው ነው።

«አንቺስ ትጠጫለሽ?»
«ሃያ ብር ይጠጣል? ልጆች አሉኝ እኮ፣ ምን ነካሽ!»

እንግዲህ የዚህችን ሥር
ጨዉን ማን በጠበጠው? መንጠቆውን ማን ሰቀለው?
«ሰባት» ብዬ የጠራሁት
በፊሽካ ድምፅ ላይ ምን ጉልበት አለው?

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ ክኒን አለ» አልኳት።
«ነገ ዓርብ ነው፣ ገበያ።»
ሁለት እስር ገዛሁ፤ ሃምሳ ብር ሰጠኋት።
መልሱን ስትፈልግ፣ ጣቷ ሲንቀጠቀጥ፣
«ይፍታሽ» ልላት ነበር፤ ቄስ አይደለሁም እንጂ።
ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ እስሩ ሳይፈታ በእጄ።